«ጨመረ» ከምን? «ቀነሰ» ከመቼ?

በዜና ሰዓት እንደ «ጨመረ» እና «ቀነሰ» የሚደጋገም ቃል የለም። የዶላር ምንዛሪ ጨመረ፣ የዋጋ ንረት ቀነሰ፣ የቡና ገቢ ጨመረ፣ የወባ ሕሙማን ቁጥር ቀነሰ። ሰሚው ወሬውን ይዞ ወደ ቡናው ይሄዳል። ገሚሱ ደስ ይለዋል፣ ገሚሱ «ውሸት ነው» ይላል። ክርክሩ ሲጦፍ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፦ የጨመረው ከምን ላይ ነው? የቀነሰውስ ከየትኛው ቀን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

ከእያንዳንዱ «ጨመረ» ጀርባ አንድ ሰንጠረዥ አለ። በሰንጠረዡ ውስጥ የትናንት ረድፍ አለ፣ የዛሬ ረድፍ አለ። አንድ ባለሙያ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር፣ ከዛሬው ቁጥር ላይ የትናንቱን ቀንሶ ልዩነቱን ያወጣል። መቀነሱን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ከባዱ ነገር «ቀዳሚው ረድፍ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የአገር ቁጥሮች የሚበላሹት፣ ሰውም ያለ ዕዳው የሚከፍለው በአብዛኛው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

▪️ ቆጣሪው ምን ይላል?

ነገሩን ከቤት እንጀምር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የድሮው ዓይነት የመብራት ቆጣሪ በዚህ ወር ስንት እንደተጠቀሙ አያውቅም። የሚያውቀው ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ያለውን ጠቅላላ ድምር ብቻ ነው። የወሩን ፍጆታ የሚፈጥረው መቀነስ ነው፤ የአሁኑ ንባብ ሲቀነስ የቀድሞው ንባብ። ቢሉ ላይ ሁለቱ ንባቦች ጎን ለጎን የሚጻፉት ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ቤት እንውሰድ። ንባቡ በጥር 4,120፣ በየካቲት 4,220 ነበር። ልዩነቱ 100 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቆጣሪ አንባቢው ሳይመጣ ቀረ። በግንቦት መጥቶ 4,520 ብሎ መዘገበ። በሰንጠረዡ ውስጥ ከግንቦት ረድፍ በላይ ያለው የየካቲት ረድፍ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አቀናንሶ 300 ይላል። ስሌቱ ልክ ነው። 300ው ግን የአንድ ወር ሳይሆን የሦስት ወር ፍጆታ ነው።

«ያው ነው፣ ዞሮ ዞሮ የተጠቀሙትን ነው የሚከፍሉት» የሚል ይኖራል። ታሪፉ ለሁሉም ኪሎዋት እኩል ቢሆን እውነት ነበር። ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም ደረጃ በደረጃ በሚጨምርበት ታሪፍ ግን ያው አይደለም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የመጀመሪያው 100 ኪሎዋት በ1 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው በ3 ብር ይሸጣል እንበል። ይህ ቤት በየወሩ 100 ብር፣ በሦስት ወር 300 ብር መክፈል ነበረበት። 300ው በአንድ ወር ላይ ሲወድቅ ግን 100 ብር ሲደመር 600 ብር፣ በጠቅላላው 700 ብር ይሆናል። አንድም ተጨማሪ አምፖል ሳይበራ 400 ብር ተጨመረ። የከፋዩ ጥፋት የለም። ኮምፒውተሩም የታዘዘውን አደረገ እንጂ አልተሳሳተም። የጎደለው «በእነዚህ ሁለት ረድፎች መካከል ስንት ቀን አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

በመስኮቱ በኩል የሚሰጠው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው፦ «ሲስተሙ ያወጣው ነው።» ሲስተሙ ግን ሰው ያዘዘውን ብቻ ነው የሚያወጣው።

▪️ «ቀዳሚ» የሚባል ረድፍ በተፈጥሮው የለም

እዚህ ላይ ስለ ዳታቤዝ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት የሰንጠረዥ ዳታቤዝ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ያሳተመው ጽሑፍ ነው። በዚያ አስተሳሰብ ሰንጠረዥ ማለት የረድፎች ስብስብ ነው። ስብስብ ደግሞ ቅደም ተከተል የለውም። በከረጢት ውስጥ ያለ ባቄላ «የመጀመሪያው የትኛው ነው?» ተብሎ እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ ዳታቤዝም «ከዚህ ረድፍ በፊት ያለው» ሲባል በምን መሠረት እንደሚደረደር ካልተነገረው የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ይህን ቀላል የሚመስል መቀነስ መሥራት አታካች ነበር። ባለሙያዎች ሰንጠረዡን ከራሱ ጋር ያጣምሩት ነበር፤ አንዱን የዛሬ፣ ሌላውን የትናንት አድርገው፣ ተራ ቁጥር 8ን ከተራ ቁጥር 7 ጋር እያገናኙ። ተራ ቁጥር 7 ተሰርዞ ከሆነ 8 አቻ ያጣና ከውጤቱ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። ኋላ ላይ «ዊንዶው ፈንክሽን» የሚባሉት መሣሪያዎች መጡ። ከእነሱ አንዱ «ላግ» ይባላል፤ ትርጉሙ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ሥራው ለእያንዳንዱ ረድፍ ከእሱ በፊት ያለውን ረድፍ ቁጥር አምጥቶ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ኦራክል እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ አምጥቷቸዋል፤ ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር «ላግ»ን በ2012፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ በ2018 ዓ.ም. አስገብተዋቸዋል።

«ላግ» ሥራውን ሲጀምር ባለሙያውን ሁለት ነገር ያስጠይቃል። አንደኛው «በምን ላደርድር?» የሚል ነው። በቀን? በወር ስም? ወሮቹ በፊደል ተራ ከተደረደሩ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፣ ጳጉሜም ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል። ልዩነቱ ይወጣል፣ ትርጉም ግን የለውም። ሁለተኛው «ማንን ከማን ልለይ?» የሚል ነው። ደንበኞቹ ካልተለዩ የአንዱ ቤት የመጨረሻ ንባብ ከጎረቤቱ የመጀመሪያ ንባብ ላይ ይቀነሳል። ወረዳዎቹ ካልተለዩ የአንዱ ወረዳ ሕሙማን በሌላው ላይ ይቆጠራሉ።

ሦስተኛ ጥያቄም አለ፤ ይህኛውን ኮምፒውተሩ በራሱ አያነሳውም። የመጀመሪያው ረድፍስ? ከእሱ በፊት ምንም የለም። «ላግ» በታማኝነት ባዶውን ይመልሳል፤ ባለሙያዎቹ «ነል» ይሉታል፤ ትርጉሙ «አይታወቅም» ነው። ባዶ ግን ሪፖርት ላይ አያምርም። አለቃ «ይህ ክፍት ቦታ ምንድን ነው?» ብሎ ይቆጣል። አንዱ ዜሮ ይሞላበታል። በዚያች ቅጽበት «አናውቅም» የነበረው «ምንም አልነበረም» ሆነ። 4,120 ሲል የተረከቡት አሮጌ ቆጣሪ ከዜሮ እንደጀመረ ይቆጠርና የአዲሱ ተከራይ የመጀመሪያ ወር ፍጆታ 4,120 ይሆናል። ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰውና ኪሱ ያልተፈተሸ ሰው እንደማይመሳሰሉት ነው።

▪️ ሞተው የተነሱ የሉም

ዓለም ሁሉ ይህን መቀነስ በየቀኑ ቁጭ ብሎ የተከታተለበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ «ባለፉት 24 ሰዓታት» የሚለው ሐረግ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ሆኖ ነበር። በየዕለቱ የተመረመሩት፣ የተያዙት፣ ያገገሙት፣ የሞቱት፤ ቀጥሎም ጠቅላላ ድምር። በብዙ አገር የሚታወቀው ድምሩ ነበር፤ የዕለቱ ቁጥር የዛሬው ድምር ሲቀነስ የትናንቱ ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 በስፔን የሞቱት ሰዎች ድምር ከ28,752 ወደ 26,834 ወረደ። የሚቀንሰው ኮምፒውተር ያለ ምንም ሐፍረት የዕለቱ ሟቾች ቁጥር «ከዜሮ በታች 1,918» ነው አለ። ሞተው የተነሱ ግን አልነበሩም። የጤና ባለሥልጣናቱ ሁለቴ የተቆጠሩትንና ያልተረጋገጡትን አውጥተው መዝገቡን አጥርተው ነው። በተቃራኒው በቻይናዋ ዉሃን ከተማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2020 ድምሩ ከ2,579 ወደ 3,869 ዘለለ። 1,290 ሰዎች በአንድ ሌሊት አልሞቱም፤ ቀደም ብለው የሞቱና ያልተመዘገቡ ነበሩ። በሁለቱም ቦታ ለውጡ የታየው በመዝገቡ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ግን ሰው የሞተበትን ቀንና ጸሐፊው መዝገብ ያረመበትን ቀን ለይቶ አያውቅም፤ ለይቶ ካልተጻፈለት።

ከሁሉም የከፋው በእንግሊዝ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2020 ባሉት ቀናት 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውስጥ ጠፉ። ምክንያቱ ያስገርማል። ከላቦራቶሪዎች የሚመጣው ውጤት የሚገባበት የኤክሴል ፋይል የድሮው ዓይነት ነበር፤ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ከዚያ በላይ የመጣው ረድፍ ሳይነገር ተቆርጦ ቀረ። ስህተቱ ሲገኝ የጎደሉት በቅዳሜና በእሑድ ላይ ተጨመሩ። ቅዳሜ 12,872፣ እሑድ 22,961 አዲስ ታማሚ ተባለ። ዋዜማው ዓርብ 7 ሺህ ገደማ ነበርና ሕዝቡ በሁለት ቀን ውስጥ በሽታው በሦስት እጥፍ የጨመረ መሰለው። እውነቱ ግን ጭማሪው ቀደም ባሉት ቀናት፣ ሰው ሁሉ «ረገብ ብሏል» ብሎ በተዝናናበት ጊዜ የተከሰተ መሆኑ ነው።

የጠፉት ረድፎች ዋጋ በግራፍ መጣመም ብቻ አላበቃም። ታማሚዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸው ነበር። ስማቸው ወደ ንክኪ ተከታታዮች ስላልተላለፈ ግን አብረዋቸው የዋሉ፣ አብረዋቸው የበሉ ሰዎች ማስጠንቀቂያው ዘግይቶባቸዋል። አንድ የጎደለ ረድፍ አንድ ያልተደወለ ስልክ ነው። ያልተደወለለት ሰው ደግሞ በዚያ ሳምንት አሮጊት እናቱን ለመጠየቅ የሄደ ሊሆን ይችላል።

▪️ ሁለት ረድፍ፣ ሁለት እውነት

ረድፎቹ ሙሉ ሆነው፣ ተራቸው ተጠብቆ፣ ቀናቸው ትክክል ሆኖ እንኳ ክርክር አይጠፋም። የብርን ጉዳይ እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገደማ ወጣ። ልዩነቱ 17 ብር ከሩብ ያህል ነው። አንዱ «ዶላር 30 በመቶ ጨመረ» ቢል ልክ ነው፤ 17.25ን ለ57.48 አካፍሏል። ሌላው «ብር 23 በመቶ ዋጋውን አጣ» ቢል እሱም ልክ ነው፤ 17.25ን ለ74.73 አካፍሏል። ሁለቱ ሰዎች ቡና ቤት ተቀምጠው «አንተ መንግሥትን ልትከላከል ነው»፣ «አንተ ልታጋንን ነው» እየተባባሉ ሲጣሉ ቢያመሹ፣ የተጣሉት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ልዩነታቸው አካፋዩ ላይ ነው።

የዋጋ ንረት ደግሞ ከዚህም የተጠማዘዘ ነው፤ የልዩነት ልዩነት ስለሆነ። ለምሳሌ የአንድ ዕቃ ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት 100 ብር፣ በሁለተኛው 130 ብር፣ በሦስተኛው 162 ብር ከ50 ነው እንበል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የጨመረው 30 በመቶ ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደግሞ 25 በመቶ። ስለዚህ «የዋጋ ንረቱ ከ30 ወደ 25 በመቶ ቀነሰ» ማለት ልክ ነው። ነገር ግን ገዢው በመጀመሪያው ዙር 30 ብር ነበር የጨመረው፤ በሁለተኛው 32 ብር ከ50 ጨመረ። ዜናው «ቀነሰ» ሲል ኪሱ «ጨመረ» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ዜናው የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው፣ ገዢው የሚያወራው ስላለበት ቦታ። መኪና ከ80 ወደ 60 ፍጥነቱን ቢቀንስም ወደ ፊት መሄዱን አላቆመም።

ንረቱ እንኳ የሚነጻጸረው ከየትኛው ረድፍ ጋር እንደሆነ መታወቅ አለበት። ካለፈው ወር ጋር ከሆነ በዓል ያታልላል። በጾም ወራት የሥጋና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፣ ለፋሲካ ደግሞ ገበያው ይሟሟቃል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ከመሄድ አሥራ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ሄዶ ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ማወዳደር ይሻላል። እዚህም ላይ የዘመን አቆጣጠር ጣጣ አለ። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ነበር፤ ሁለቱም ሚያዝያ። በፈረንጆቹ ግን አንዱ ሜይ 5፣ ሌላው ኤፕሪል 20 ነው። በፈረንጅ ወር የተሠራ ሰንጠረዥ የ2017ን የበዓል ወር ከ2016 የጾም ወር ጋር አጋጥሞ «ዋጋ ናረ» ሊል ይችላል። በእኛ ወር የተሠራው ደግሞ ጳጉሜን ምን እንደሚያደርጋት ማሰብ አለበት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ወር ራሷን የቻለች ረድፍ ከሆነች ሽያጩ ሁሉ በጳጉሜ «ይወድቃል»፣ በመስከረም «ያንሰራራል»። በአሥራ ሦስት ወር ሰንጠረዥ ላይም አሥራ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ የሄደ ሰው አምና ተመሳሳይ ወር ላይ አይደርስም፤ አንድ ወር ይቀረዋል።

▪️ ረድፎቹን ስጡን

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሕዝብ ሁሉ ኮድ መጻፍ አይጠበቅም። ቁጥር የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ግን አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ ከልዩነቱ ጋር ረድፎቹን ማውጣት። «በ18 በመቶ አደገ» ከሚል አንድ መስመር መግለጫ ጋር የተነጻጸሩት ሁለቱ ቁጥሮችና ሁለቱ ቀኖች ይጻፉ። ያልተሰበሰበ ወር ባዶውን ይቀመጥ፤ ዜሮ አይሞላበት፣ በግምት ከተሞላም «ግምት» ተብሎ ይጻፍበት። የታረመ ቁጥር በታረመበት ቀን ላይ ከሚከመር ወደ ተከሰተበት ቀን ይመለስ፣ መታረሙም ይነገር። ለሦስት ወር ያልተነበበ ቆጣሪ ሲነበብ ልዩነቱ ለሦስት ይከፈልና ለየወሩ በየታሪፉ ይሰላ። አንዳቸውም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም።

«ሰው ሰንጠረዥ አያነብም፣ ዝርዝር ያደናግረዋል» የሚል መከራከሪያ አለ። ይህ ሰውን መናቅ ነው። ባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ የትናንቱን ዕዳ ከዛሬው ለይቶ ያነባል። እቁብተኛ ማን በየትኛው ሳምንት እንዳልከፈለ ያውቃል። ገበሬ አምና ከዚህ ማሳ ስንት ኩንታል እንደገባና ዘንድሮ ስንት እንደጎደለ፣ ለምን እንደጎደለም ጭምር ይናገራል። ሕዝቡ ረድፍ ማነጻጸር ያውቅበታል፤ የጎደለው የሚነጻጸረው ረድፍ ነው። ልዩነቱ ብቻ ሲሰጠው ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው ምርጫው። አለማመን ደግሞ ሲደጋገም ልማድ ይሆንና አንድ ቀን እውነተኛው ቁጥር ሲመጣም የሚሰማው ይጠፋል። ወረርሽኝ ገብቷል ሲባል፣ ዝናብ አንሷል ሲባል፣ እህል ሊያጥር ነው ሲባል «ደግሞ ጀመሩ» ይባላል።

ጋዜጠኛውም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም። መግለጫ ላይ «ጨመረ» ሲባል ማይክሮፎኑን ይዞ ከመውጣት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከየትኛው ቀን ጋር ነው ያነጻጸራችሁት? በመሃል የጎደለ ወር አለ? ካለፈው ሪፖርት በኋላ የቆጠራው መንገድ ተቀይሯል? መልስ ከተሰጠው ዜናው ይጠራል። መልስ ከተከለከለም እሱ ራሱ ዜና ነው።

እስከዚያው ድረስ በሚቀጥለው ወር ቢሉ ሲመጣ ከብሩ መጠን በፊት ሁለቱን ንባቦች፣ ከንባቦቹም በፊት ሁለቱን ቀኖች ማየት ማንም አይከለክልም።